የጭሱ ድርሻ

ባለፈው ክረምት ጉደር አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ፣ አዳዳዬ ቤት ሁለት ሌሊት አደርኩ። አዳዳ ማለት በአፋን ኦሮሞ የአባት እህት ናት። እኔ ሃምሳዎቹን እያገባደድኩ ነው፤ እሷ ፊት ስቀመጥ ግን ዛሬም "ኢልመ ኮ" ነኝ፣ ልጄ። አምቦን አልፋችሁ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ጉደርን ታገኛላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ በነሐሴ ጭቃ ደግሞ እግርም አይበቃው።

ማለዳ ነው። ውጭ ይዘንባል። አዳዳዬ መስኮት በሌላት ማድ ቤት ውስጥ እንጀራ ትጋግራለች። ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ ምጣድ፣ ከሥሩ ደግሞ ያልደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት። ጭሱ ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ ስለያዘው ጎንበስ ብዬ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ገና ድክ ድክ የምትለው የልጅ ልጇ ከጎኗ ሆና አመድ ትጭራለች። ከወዲያኛው ክፍል የባለቤቷ ሬዲዮ ይናገራል።

የሬዲዮው ነገር ገረመኝ። በአፋን ኦሮሞ የሚያወራው ስለዚሁ ስለ ጭስ ነው! የሰማሁትን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ያለ ነው፦ በቤት ውስጥ የሚከሰት የአየር ብክለት በማኅበረሰቡ ጤና ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ እያሳደረ በመሆኑ፣ ባለድርሻ አካላት የበኩላቸውን ሚና እንዲወጡ ጥሪ ቀርቧል።

አዳዳዬ እንጀራውን አወጣች፤ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ ዞር ብላ፣

"እነዚህ ቆደ ፉዸቶተ የሚሏቸው እነማን ናቸው?" አለችኝ።

"ባለድርሻ አካላት" ለማለት ነው። ቃል በቃል ሲፈታ "ድርሻ ወሳጆች" ይሆናል። "መንግሥት አለ፣ ድርጅቶች አሉ፣ ጤና ጣቢያው አለ... ነገሩ የሚመለከታቸው ሁሉ ናቸው" አልኳት።

"ታዲያ ምኑን ወሰዱት? የጭሱን ድርሻ እንደሆነ እኔ ወስጄዋለሁ።"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሊጡን ቀድታ ምጣዱ ላይ አዞረችው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ይህች ንግግር አልለቀቀችኝም። እኔ እንጀራዬን የበላሁት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው። ለተማሪዎቼ "ጽሑፍን ስትተቹ መጀመሪያ ማን ለማን ይናገራል ብላችሁ ጠይቁ" እል ነበር። ሬዲዮ ላይ የሚነበብ ማስታወቂያም ጽሑፍ ነው። እንዲያውም ብዙዎቹ ልብ ወለዶቻችን ካላቸው አንባቢ የሚበልጥ አድማጭ አለው። ስለዚህ ዛሬ የምተቸው መጽሐፍ አይደለም፤ አዳዳዬ ማድ ቤት ውስጥ የሰማሁትን፣ ከዚያም ወዲህ ጆሮዬን ቀስሬ የተከታተልኳቸውን መሰሎቹን ነው።

በመጀመሪያ ግን ለሬዲዮው የሚገባውን እንስጠው። የሚናገረው ነገር እውነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በማገዶ፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ብዙ ሰው ጭስ ሲባል ሳል ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከሟቾቹ ብዙዎቹን የሚገድለው የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው፤ የሳንባ ምች፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የሳንባ ካንሰርም አሉበት። ከጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከአንዲት ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ያነሰ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ከደም ጋር ይቀላቀላል። በደንብ በማይናፈስ ቤት ውስጥ መጠኑ መሆን ከሚገባው እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በአገራችን ደግሞ አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም ወጡንም እንጀራውንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው።

ሁለተኛው ምስጋና ለቋንቋው ነው። አዳዳዬ ወጣት ሳለች በቋንቋዋ የሚናገር ሬዲዮ ብርቅ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ኦሮምኛ አንዱ መሆኑ በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ከአዳማ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ አለ፣ ከአዲስ አበባ ፋና አለ፤ ቢቢሲ እንኳ በ2010 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ አገልግሎት ጀምሯል። ከሆለታ እስከ ጌዶ፣ ከጊንጪ እስከ ባኮ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ይህ የብዙ ሰዎች ድካም ውጤት ነውና በእሱ ላይ አላሾፍም።

የእኔ ትችት ሌላ ነው። ሬዲዮው የቋንቋውን ድንበር ተሻግሯል፤ የቢሮውን ድንበር ግን አልተሻገረም። ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ መጥቷል፤ ከቢሮ ወደ ማድ ቤት ግን አልገባም።

ቃሉን እንመልከት። "ፋለመ ቂሌንሳ" ይላል፣ የአየር ብክለት። ቂሌንሰ ለአዳዳዬ ነፋስም ነው፣ አየርም ነው። ከወንጪ ተራራ በኩል የሚነፍሰው፣ እህል የምታዘራበት፣ ደረቷን ከፍታ የምትተነፍሰው። ይህ በከለ ስትባል "የት?" ነው የምትለው። የአምቦ ሰው በውኃውና በአየሩ እንደሚኮራ ታውቃላችሁ፤ የከተማዋም ስም አንድ ጊዜ ሀገረ ሕይወት ነበር። ስለዚህ የአየር ብክለት ሲባል ሰው የሚታየው አዲስ አበባ ነው፤ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ ናፍጣ መኪና ነው። ኣረ ቢባል ኖሮ ግን፣ ጭስ ቢባል ኖሮ፣ አዳዳዬ ማን እንደተጠራ ለማወቅ ዞር ማለት እንኳ ባላስፈለጋት። ፊቷ ላይ ነዋ!

በእርግጥ የአዲስ አበባውም ጉዳይ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2008 ዓ.ም. አንሥቶ የሚለካውን የአየር ጥራት ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ካሉት ኤምባሲዎቹ የሚገኘውን ይህን መረጃ ማሰራጨት አቆመ። መንግሥታችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። መልካም ነው። ዳሩ ግን የአዳዳዬን ማድ ቤት የለካ መሣሪያ ኖሮ አያውቅም፤ እዚያ መለኪያው የሰው ዐይን ነው። የከተማውን ጭስ ለማጥፋት ሕግ ይወጣል፤ የማድ ቤቱን ጭስ ለማጥፋት ግን ጥሪ ይቀርባል።

ሌላው ጉድለት፣ ጽሑፉ አድማጩን አለማወቁ ነው። ጭስ ለገጠር ሰው ጠላት ብቻ አይደለም። ከጣራው ሥር የተንጠለጠለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ የሚጠብቀው ጭስ ነው። የሣር ክዳኑን ከምስጥ የሚከላከለው ጭስ ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም። ጭስ የማይወጣበት ቤት ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ ተርቧል። እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ከጎጆ ላይ የሚነሣው የማለዳ ጭስ የሕይወትና የሰላም ምልክት እንደሆነ ለስንቱ ተማሪ አስረድቻለሁ! ይህን ሁሉ ውለታ ሳያነሣ "ጭስ ገዳይ ነው" ብሎ የሚጀምር ተናጋሪ፣ ሰሚው በሆዱ "አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም" ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ያዳምጠዋል?

ደግሞስ የሚመከረው ማን ነው? "እናቶች የጭሱን ጉዳት ተገንዝበው..." ይላል። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህ ነው። ከእናቶች በላይ ጭሱን የተገነዘበ ማን አለ? ያልተገነዘበውማ ሬዲዮው አጠገብ የተቀመጠው ባል ነው። ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት የሚለው ተረት ሬዲዮውንም ከችሎት ወገን አድርጎታል። ጤፉን ሸጦ ገንዘቡን የሚይዘው፣ ግድግዳው ይበሳ አይበሳ የሚወስነው፣ እንጨቱ ከክረምት በፊት ተፈልጦ እንዲደርቅ ማድረግ የሚችለው እሱ ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ፣ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ለዓመታት ተነግሯል። አዳዳዬም ሰምታለች። "ገንዘቡ ከእኔ እጅ አይደለም" ነው መልሷ። ይኸው ነው። ሬዲዮው አንድ ቀን እንኳ "አባወራ ሆይ" ሲል አልሰማሁትም።

ሰዓቱም አለ። እኔ የሰማኋቸው ዝግጅቶች ወይ ማለዳ ናቸው ወይ ምሽት። ሁለቱም እሷ እሳት ላይ የምትሆንበት ሰዓት ነው። እንጨቱ ይንጣጣል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሬዲዮው ደግሞ ከወዲያኛው ክፍል ነው። ከዚያ ሁሉ መሐል ተርፎ ጆሮዋ የሚደርሰው ቃል "ቆደ ፉዸቶተ" ከሆነ በእሷ ልንፈርድ አንችልም።

"ታዲያ ምን ይደረግ? ሬዲዮ ይኸው ነው" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም እንጂ! ሌላ ዓይነት ሬዲዮ በዚችው አገር ሰምተናል። ከ1994 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1997 ዓ.ም. መጀመሪያ "የቀን ቅኝት" የተባለው ተከታታይ ድራማ በአማርኛ፣ "ዺምቢባ" ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ይተላለፉ ነበር። የመጀመሪያው 257 ክፍል፣ ሁለተኛው 140 ክፍል ነበራቸው። ጉዳያቸው የቤተሰብ ምጣኔ፣ ኤች አይ ቪ፣ የሴቶች ኑሮ ነበር። ልብ በሉ፣ ዺምቢባ የየቀን ቅኝት ትርጉም አልነበረም፤ ለብቻው የተጻፈ ሌላ ታሪክ ነው። ባልም ሚስትም አንድ ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙታል፤ ባል የሚያፍርበትን ነገር ባለታሪኩ ሲያፍርበት ያያል። ማንም "ባለድርሻ አካላት" አላለም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ድራማ፣ የጭስ ድራማ፣ ጆሮዬ አልገባም።

ከሩቅም አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፍሬስኖ የምትባል ከተማ አለች። ያለችበት ሸለቆ በአየሩ መጥፎነት ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ከሚባሉት ነው፤ እርሻው ላይ የሚሠሩት ደግሞ በብዛት ከሜክሲኮ የመጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 እዚያ "ራዲዮ ቢሊንግዌ" የተባለ ጣቢያ በስፓኒሽ ሥርጭት ጀመረ። ከመሥራቾቹ ዋናው ሁጎ ሞራሌስ የእርሻ ሠራተኞች ልጅ ነው፤ ሐርቫርድ ተምሮ ወደዚያው ሸለቆ ተመለሰ። እኔን የማረከኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ስፓኒሽ ራሱ ባዕድ የሆነባቸው፣ ሚክስቴክ የሚባል ቋንቋ የሚናገሩ የአገሬው ተወላጆች ናቸው። ሞራሌስ ራሱ ከእነሱ ወገን ነው። ጣቢያው "ስፓኒሽ ካልገባቸው የራሳቸው ጉዳይ" አላለም፤ በሚክስቴክ የሚናገር ፕሮግራም ከፈተላቸው። አንድ ድንበር ተሻግሮ "ደረስኩ" አላለም ማለት ነው። ስለ አየርና ስለ ጤና የሚነገር ነገር ጆሮ የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ጣቢያ ነው።

እኛም እኮ የትርጉምን ነገር ከሩቅ መማር አያስፈልገንም። ከአምቦ ብዙ በማትርቀው ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በአፋን ኦሮሞ አፉን ፈትቶ የአማርኛ ቴአትር ጌታ የሆነ ሰው ነው። ሼክስፒርን ሲተረጉም ቃል ለቃል አልደረደረም። ሐምሌቱ አማርኛ ነው የሚያስበው። ለአንድ የዴንማርክ ልዑል ይህን ያህል የተጠበበች አገር፣ ለማድ ቤት ጭስ አንድ ለዛ ያለው ዓረፍተ ነገር አጥታለች ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቅ እንነጋገር። ሬዲዮው ምድጃ ሲያስተዋውቅ "ይህን ከገዛችሁ ከበሽታ ተገላገላችሁ" የሚል ቃና አለው። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ታትሟል፤ ጭሳቸው የቀነሰ የእንጨት ምድጃዎች ለየቤተሰቡ ቢሰጡም የሕፃናቱ የሳንባ ምች ግን አልቀነሰም። ይህ "ምድጃው አይረባም" ማለት አይደለም፤ ማገዶ ይቆጥባል፣ የሴትዮዋን ጀርባ ከሸክም ያሳርፋል። ነገር ግን ጭሱ ቀነሰ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ የጎረቤት ጭስ አለ፣ የቆሻሻ ቃጠሎ አለ። አስተማማኙ መፍትሔ ማገዶውን ራሱን መተው ነው። አምቦ ከተማ ያሉ ዘመዶቼ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወደ እንጨቱ ይመለሳሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። አዳዳዬ ደጃፍ ግን ምሰሶው ገና አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ የሚነገራት ልክ ያለው እውነት መሆን አለበት፦ እንጨቱ ይድረቅ፣ ጣራው ሥር ጭስ መውጫ ይከፈት፣ ልጅ ከእሳቱ ይራቅ፤ ይህ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ገበሬ ከፊል እውነት አይገባውም ያለው ማነው? ዝናብን እኮ በግምት ነው የሚኖረው።

እስካሁን ሰውን ስተች ቆየሁ። አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ካልተመለስኩ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ማገዶ ጭስ የተዘጋጁ የሬዲዮ ጽሑፎችን በአማርኛ እንዳርም ቀጥሮኝ ነበር። ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ናቸው፤ ከእኔ እጅ ወጥተው ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ይሄዳሉ። ወጣቱ ተርጓሚ "የማድ ቤት ጭስ" ብሎ ጽፎ ነበር። እኔ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፣ በቀይ ብዕር ሰረዝኩትና "በቤት ውስጥ የሚከሰት የአየር ብክለት" አልኩት። ጭስ የሚለው ቃል ለሬዲዮ የማይመጥን ተራ ቃል መሰለኝ። ክፍያዬን ተቀብዬ ወጣሁ። አዳዳዬ ማድ ቤት ውስጥ የሰማሁት ያ ጽሑፍ ነው አልልም። ዘሩ ግን አንድ ነው፤ አባቱም እኔን የመሰለ ሰው ነው።

ይህን ያደረግሁት ደግሞ ጭሱን የማላውቅ ሰው ሆኜ አይደለም። ከእኔ በታች የተወለደች እህት ነበረችኝ። ዓመት አልሞላትም። እናቴ አዝላት ትጋግር ነበር፤ ስትጋግር የማውቃት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አንድ ሰሞን ሕፃኗ ትተነፍስ ዘንድ ደረቷ ወደ ውስጥ ይጎደጉድ ጀመር። "ብርድ መታት" ተባለ። ቅቤ ተቀባች፣ በጋቢ ተጠቀለለች፤ እንዲሞቃት ተብሎም ወደ እሳቱ ተጠጋች። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። ጭሱ ነው የገደላት ብዬ መማል አልችልም፤ ሐኪም አላያትም። ግን በዚያን ጊዜ አንድ ሬዲዮ እናቴ በሚገባት ቃል "ልጅሽ ስትታመም ወደ እሳቱ አታስጠጊያት" ብሎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። እናቴ ታዛዥ ሴት ነበረች። ትሰማ ነበር።

ጭስ መውጫ አያጣም ይላል የአገሬ ሰው። ተረቱን ለስንት ዓመት ሳልመረምር አስተምሬዋለሁ። እውነት ነው፣ አያጣም። ቤቱ መውጫ ከሌለው በሰው ሳንባ በኩል ይወጣል።

ወደ ጉደር ሳልመለስ በፊት ያንን ማስታወቂያ በአፋን ኦሮሞ፣ በአጭሩ፣ እንደገና ጻፍኩት። ኣረ በሚለው ቃል ጀመርኩ። በቆሎውን ስለሚጠብቀው ጭስ አመሰገንኩ፤ ከዚያ ስለ ልጅ፣ ስለ ደረቅ እንጨት፣ ስለ ጣራ ቀዳዳ ተናገርኩ። ለመስቀል ሄጄ ለአዳዳዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ።

"ይኸኛው ይገባል" አለች። ቀጥላም በአገጭዋ ወደ ወዲያኛው ክፍል አመለከተችኝ። "ግን ለምን ለእኔ ታነበዋለህ? ለእሱ አንብብለት።"

ሄጄ አነበብኩለት። ባለቤቷ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ አዳመጠኝ። "የጣራውን ቀዳዳ ዝናቡ ሳይገባ መክፈት ይቻላል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፣ አናጢ አይደለሁም፤ መልሱን አላውቀውም ነበር። ሬዲዮው ሊነግረው የሚገባው ይህን ነበር።